ብዙ መሸጥና ብዙ ማትረፍ አንድ አይደሉም

ነጋዴ ሸቀጡ ፈጥኖ ሲሸጥለት ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የንግድ ፍሬ የሚታወቀው በተሸጠው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ በሚቀረው ገንዘብ ነው። ይህንም የኮምፒውተር ንግድ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል።

አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. የግል ኮምፒውተር ባወጣ ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ መሣሪያውን የሚያሠራውንም ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ወሰደ። እነዚህን ሌላውም ገዝቶ መገጣጠም ስለ ቻለ፣ እንደ ኮምፓክ ያሉ ኩባንያዎች ያንኑ የመሰለ ዕቃ ሠርተው ዋጋ በመቀነስ ተሽቀዳደሙ። ገበያው ሰፋ፤ የሻጮቹ ትርፍ ግን ሳሳ። ማንም ቢሸጥ ግን ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ድርሻቸው አልቀረባቸውም። አይ ቢ ኤም ይህን ንግዱን በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሸጠ። ኤች ፒም በ2011 በሽያጭ ብዛት ከዓለም አንደኛ ሳለ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ከራሱ ለመለየት እንደሚያስብ አስታወቀ፤ ኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ።

አፕል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በከሰረበት በ1997፣ ሌሎች የርሱን ዓይነት ኮምፒውተር እንዲሠሩ የሰጠውን ፈቃድ አቋረጠ፤ የዕቃውንም ዓይነት አሳነሰ። የገበያ ድርሻው ጥቂት ሆኖ ሳለም በ1998 ወደ ትርፍ ተመለሰ።

ይህ ማለት ብዛት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ማይክሮሶፍትን ያበለጸገው ብዛት ነውና። ነገር ግን ማንም ሊሠራው በሚችል ዕቃ ብዛት መመካት ለሌላው መድከም ነው። ስለዚህ ሥራን በቁጥር የሚመዝን ሰው፣ ምን ያህል ተሸጠ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ለማን ምን ቀረ ብሎ ደግሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።