የኵላሊት ነቀርሳና የዘር ምልክት

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካውና መንደሩ ተቀላቅሎ ይገኛል። ከየአውራጃው ለሥራ የመጣው ሰው በዚያ ቤት ሠርቶ፥ ልጅ ወልዶ፥ በጋብቻ ተሳስሮአል። እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ በዚህም ልጅ ሲዳር አስቀድሞ የሚጠየቀው የዘሩ ነገር ነው፤ «በቤቱ ክፉ ደዌ አለ» የተባለ እንደ ሆነ ሽማግሌው አፍሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪም «ከነቀርሳው ላይ የዘር ምልክት አነበብን» ባለ ጊዜ፥ ቤተ ሰቡ የሚደነግጠው ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጁም ጭምር ነው። ይህ ድንጋጤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካለማወቅ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከመሠረቱ መረዳት ይገባል።

በሰውነታችን ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ሥራውን የሚሠራው ዘረ መል በሚባል በውስጡ በተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በኵላሊት ሕዋስ ውስጥ ተበላሽቶ ሕዋሱ ያለ ልክ ሲባዛ ነቀርሳ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ በሚታየው የኵላሊት ነቀርሳ ዓይነት ተበላሽቶ የሚገኘው ቪ ኤች ኤል የተባለው ዘረ መል ነው፤ ሊቃውንትም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሥራው ሕዋሱ ያለ ችግር አዲስ የደም ሥር እንዳይስብ መከልከል ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ነቀርሳው ደም እየሳበ ይፋፋል። ዛሬ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ይህን የደም መንገድ የሚዘጉ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ነቀርሳ ታመው፥ አንዱ ብዙ ዘመን ሲኖር ሁለተኛው ቶሎ ይሞታል። በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፥ በነቀርሳቸው ውስጥ ባፕ 1 የተባለው ዘረ መል ከተበላሸባቸው በሽተኞች እኩሌታዎቹ በ4.6 ዓመት ውስጥ ሞተዋል፤ ፒ ቢ አር ኤም 1 የተባለው ከተበላሸባቸው ግን እኩሌታዎቹ ከ10.6 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ይህ የብዙ ሰው ስሌት ነው እንጂ በአንድ ሰው ላይ የተቈረጠ ፍርድ አይደለም። ጥቅሙም ሐኪሙ ማንን በቅርብ መከታተል እንደሚገባው እንዲመለከት ነው።

አሁን ወደ ቤተ ሰቡ ፍርሃት እንመለስ። እነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በነቀርሳው ውስጥ ብቻ ነው፤ በሰውየው ዕድሜ የደረሰ ጕዳት ስለ ሆነ ወደ ልጆቹ አይወርድም። ትምባሆ ማጨስ፥ ያለ ልክ መወፈርና የደም ግፊት በሽታውን ያበረታሉ። በውርስ የሚመጣው ከ100 በሽተኞች 5 ያህል ቢሆን ነው። በወጣትነት የታመመ፥ ሁለቱም ኵላሊቶቹ የተያዙበት፥ ወይም ከዘመዶቹ ሌላ የታመመ ያለበት ሰው ግን ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ቤተ ሰቡ ቀድሞ ከተመረመረ ነቀርሳው ገና ትንሽ ሳለ ይገኛልና።

ደግሞም የሌላው ሕዝብ ስሌት ሁሉ እንዳለ ለእኛ አይሆንም። ለዚህ ምስክር የሚሆነው፥ ነቀርሳ ባይሆንም ኵላሊትን የሚያደክም የሌላ ደዌ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሊቃውንት አፖል 1 በተባለው ዘረ መል ላይ፥ ከአፍሪካ ዘር በሆኑ አሜሪካውያን ዘንድ የኵላሊትን ሕመም የሚያበዙ ሁለት ለውጦች አገኙ፤ እነዚሁ ለውጦች በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያውያንን በመረመሩ ጊዜ ግን አላገኙአቸውም። እንግዲህ የነቀርሳውም ምልክት በአገራችን በሽተኞች ላይ ተመርምሮ ሊረጋገጥ ይገባዋል።

ምልክት የሚነበበው ግን በሽተኛው ወደ ሐኪም የመጣ እንደ ሆነ ነው። ከፋብሪካ የሚገባ የአቃቂ ሠራተኛ ሽንቱ ደም መስሎ ቢያይ፥ አላመመኝም ብሎ ወይም ብርድ ነው ብሎ ዝም አይበል፤ ነቀርሳው ሳያሳምም ያድጋልና። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ሄዶ ይጠይቅ። ቤተ ሰቡም ስለ ዘሩ ስም ብሎ አይደብቀው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው።