«ዐመፃ»፣ «ዐላዊ» እና «እምቢታ» በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለሥልጣን አለመታዘዝን የምንገልጽባቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ፍቺ የላቸውም።

በዘመናችን አማርኛ «ዐመፅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሕዝብ በመንግሥት ላይ መነሣቱን ነው። በግእዝ ግን «ዐመፀ» ማለት በደለ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ በመዝሙረ ዳዊት «ዐመፃ» የሚለውን ስናነብ፣ ድሀውን የሚበድል ዳኛም ዐመፀኛ መሆኑን ልናስተውል ይገባል። ቃሉ የሚመዝነው ከእግዚአብሔር ሕግ መውጣትን እንጂ የሰውን ማዕርግ አይደለም (1ኛ ዮሐ. 3፥4)።

«ዐለወ» የሚለው ግሥ ደግሞ ገለበጠ፣ ከዳ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነው። በስንክሳርና በገድላት «ዐላዊ» ተብሎ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ንጉሡ ራሱ ነው፤ ምእመናንን ለጣዖት ስገዱ እያለ ያስጨነቀ እንደ ዲዮቅልጥያኖስ ያለ ንጉሥ። ትእዛዙን ያልፈጸሙት ሰማዕታት ግን ዐላውያን አልተባሉም።

የእነርሱ ቃል በግእዝ «አበየ»፣ በአማርኛ «እምቢ አለ» ነው። ሠለስቱ ደቂቅ የናቡከደነፆር ሹማምንት ሆነው ያገለግሉ ነበር፤ ለወርቁ ምስል እንዲሰግዱ ሲታዘዙ ግን እምቢ አሉ (ዳን. 3)። ሰይፍ አልመዘዙም፤ ከእሳቱም አልሸሹም። ሐዋርያትም ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ በሸንጎ ፊት መሰከሩ (ሐዋ. 5፥29)። በሀገራችንም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ኢጣልያ ወረራ አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀብለዋል። በወራሪው ዓይን ወንጀለኛ የነበሩትን አባት ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ትላቸዋለች።

ይህ ማለት ግን እምቢታ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። ዳታንና አቤሮንም ሙሴ ሲጠራቸው እምቢ ብለዋል፤ ከቆሬ ጋር ያስነሣቸው ግን የሹመት ምኞትና ቅንዓት ነበር (ዘኍ. 16)። ቅዱስ ጳውሎስም ለበላይ ባለ ሥልጣናት መገዛትን ያስተምረናል (ሮሜ 13፥1)።

እንግዲህ አንድን ሰው «ዐመፀኛ» ወይም «ጀግና» ብለን ከመሰየማችን በፊት ማንን እምቢ እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ለማን ለመታዘዝ ብሎ እምቢ እንዳለ እንጠይቅ። ለእግዚአብሔር ታዝዞ እምቢ ያለ ከሰማዕታት ጋር ይቆጠራል፤ ለገዛ ክብሩ ብሎ እምቢ ያለ ግን የቆሬን መንገድ ይከተላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።