ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሲያተኩሰው



ከሐሙሲት ገበያ ውለው ሲመለሱ ወንድምዎ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ጋቢ ተከናንቦ ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ? ሌላ ሰው ቢሆን ትኩስ ነገር ጠጥቶ፣ አልቦት ሊነጋለት ይችላል። ወንድምዎ ኩላሊት የተተከለለት ከሆነ ግን ትኩሳቱ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተካሄደ። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የዕለት ጥበቃው የቤተሰቡም ኃላፊነት ይሆናል። ከዘመድ አካል ተቆርሶ የተሰጠ ኩላሊት በአንድ ቸል በተባለ ትኩሳት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለምን በቀላሉ ይታመማል?

ሰውነታችን የተተከለውን ኩላሊት እንደ እንግዳ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ይህን ለማስቆም ታካሚው እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ይወስዳል። መድኃኒቶቹ ኩላሊቱን ሲጠብቁ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ባክቴሪያ በቀላሉ ያጠቃዋል። በብዛት የሚያጋጥመው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲሆን የሳንባ ምች፣ የቁስል ማመርቀዝና የሳንባ ነቀርሳም ያሰጋሉ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሽንት ሲሸና ካቃጠለው ወይም ቶሎ ቶሎ ካመላለሰው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ካሳለው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካስቀመጠው ወይም ኩላሊቱ በተተከለበት የሆድ ግርጌ ካመመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል «ብዙም አላተኮሰውም» ብለው አይዘናጉ።

በዚያች ሰዓት ሦስት ነገሮችን ያስታውሱ፦

1. ከመድኃኒት ቤት በግምት ፀረ ባክቴሪያ አይግዙለት። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን በደሙ ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከልክ በላይ ከፍ ያደርጋሉ። የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ስለሚቀንሰው ሰውነቱ ኩላሊቱን ወደ መዋጋት ሊመለስ ይችላል። ጄንታማይሲንም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

2. የንቅለ ተከላውን መድኃኒት በራስዎ ፈቃድ አያስቁሙት። መጠኑን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው።

3. የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የንቅለ ተከላውን ቀንና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ወረቀት አይለዩት። በሐሙሲት ጤና ተቋምም ሆነ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ታቦር ሆስፒታል መጀመሪያ ይህን ያሳዩ።

ሐኪሙ ደምና ሽንት አስመርምሮ ለባክቴሪያው የሚስማማውን መድኃኒት ያዝዛል። «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒቱን ከመጨረስ በፊት ማቋረጥ በሽታውን ሊመልሰው፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን እንዲላመድ ሊያደርገው ይችላል።

ወጥ ቤትዎን ይመልከቱ

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ ጥሬ ወተት፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አሬራ ለዚህ ሰው አይቅረቡ። እነ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በእነዚህ በኩል ይገባሉ። ሥጋው እስከ ውስጡ ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ። ሥጋ የተከተፈበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሰላጣ አይጠቀሙ። የሚጠጣው ውኃ መፍላት ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይንተክተክ። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ዚያራ፣ ኢስቲንጃና ጾም

የታመመን መጠየቅ መልካም ሥራ ነው። ጉንፋን ወይም ሳል ይዞዎት ከሆነ ግን በስልክ ዱዓ ያድርጉለት፤ እስኪሻልዎ መቅረትዎ ለእርሱ ማዘን ነው። ሰው ወደሚበዛበት ጁሙዓ መቼ መመለስ እንደሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። በኢስቲንጃ ጊዜ ንጹሕ ውኃ መጠቀም፣ በተለይ ለሴቶች ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ የሽንት ኢንፌክሽንን ለመከላከል ይረዳል።

ረመዷን ሲመጣ «ካልጾምኩ» ብሎ የሚጨነቅ አይጠፋም። አላህ ለሕመምተኛ ፈቅዷል። ታክሮሊመስ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ለኩላሊቱም በቂ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ታካሚው ከመወሰኑ በፊት ሐኪሙንና ዓሊም ያማክር።

ውድ አንባቢያን፣ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ እንዲህ ያለ ታካሚ ካለ ቴርሞሜትር ገዝተው ቢሰጡት ትልቅ ስጦታ ነው። ሌሊት ሲያተኩሰውም «እስኪነጋ እንይ» አይበሉ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።