የሚታጠፍ ጥላ፦ ለስላሳ ሮቦትና ምናባዊ እውነታ በኪነ ሕንፃ

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከታነጹት ሰፈሮች አንዱ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ ነው። እንደሚታወቀው ቤቶቹ ለነዋሪዎቻቸው የደረሱት በዕጣ ስለሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት ነዋሪው በንድፉ ጊዜ አልተጠየቀም። ምዕራባዊ መስኮት የደረሰው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ በወፍራም መጋረጃ ይከልላል፤ ክፍሉ ሲጨልምበትም በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን ያንኑ ሙቀት ይናፍቃል። ለስላሳ ሮቦትና ምናባዊ እውነታ ተዋሕደው ለእንዲህ ዓይነቱ መስኮት ምን ሊያበረክቱ እንደሚችሉ በዚህ ጽሑፍ በፊዚክስ ዓይን እንመረምራለን።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ፣ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በአናታችን ትክክል ትውላለች። በሰኔ አጋማሽ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ለአውሮፓ የሚበጀው ደቡቡን ብቻ የመከለል ዘዴ ለእኛ አይበቃም። ከመስኮት በላይ የሚወጣ የኮንክሪት ጥላም ለምዕራቡ ዝቅተኛ ፀሐይ እምብዛም አይረዳም። የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው።

ይህን በሞተር መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመረቀው በፓሪስ የሚገኘው የዐረቡ ዓለም ተቋም በደቡብ ገጹ እንደ ካሜራ ዐይን የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት መስኮቶች ተገጥመውለት ነበር፤ ብልሽት ግን አላጣቸውም። በለስላሳ ሮቦት እንቅስቃሴው የሚመነጨው ከብረት ጥርስ ሳይሆን ከራሱ ከቁሱ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ማኪበን በ1950ዎቹ በፖሊዮ ለተጎዳች ልጁ የሠራው የአየር ጡንቻ የጎማ ቱቦን በተጠለፈ የክር ሽፋን ውስጥ የከተተ ነበር። ሽንኩርት የሚሸጥበትን የመረብ ከረጢት ወደ ጎን የለጠጠ ሰው ቁመቱ እንደሚያጥር ያውቃል፤ ቱቦው ሲነፋም ሽፋኑ እንዲሁ ይወፍርና ያጥራል፣ ያንጊዜም ይስባል። አንድ ጎኑ የማይለጠጥ የሲሊኮን ከረጢት ከሆነ ደግሞ ሲነፋ ወደዚያው ጎን ይታጠፋል።

የኔዘርላንዱ የካስ ኦስተርሃውስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ያሳየው «መስል» የተሰኘ ሥራ በአየር ጡንቻዎች መረብ የተጠመደ፣ ጎብኚ ሲነካው ቅርጹን የሚለውጥ ግዙፍ ፊኛ ነበር። ለእኛ መስኮት ይበልጥ የሚቀርበው ግን በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የአርኖ ሽሉተር ቡድን በ2010ዎቹ የሠራው ነው፤ በለስላሳ የሲሊኮን ጡንቻ የሚዞሩ ትንንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ክፍሉን እየጋረዱ ኤሌክትሪክም ያመነጫሉ።

ምናባዊ እውነታ፣ ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 በራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ከሠራ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ ዐይን የተለየ ሥዕል እያቀረበ ያልተሠራ ቤት ውስጥ ያስገባናል። የጀሞው ነዋሪ ኮንክሪቱ ሳይፈስ በክፍሉ ተዘዋውሮ፣ ታኅሣሥን በሚያዝያ ለውጦ፣ ፀሐይ የት እንደምታርፍ ማየት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕል ክብደትም መዘግየትም የለውም። ራስ ሲዞር ሥዕሉ ከ20 ሺሕኛ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ተመልካቹን ያጥወለውለዋል፤ እውነተኛው የአየር ጥላ ግን ለመታጠፍ ሰከንዶች ሊፈጅ ይችላል። ውሕደቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በምናቡ ጥላ ትክክል እውነተኛ የሲሊኮን ጥላ ይቆማል፤ ሰውየው የሚያየውን ይዳስሳል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው የግፊት መለኪያም ለኮምፒውተሩ እውነቱን ይነግረዋል።

ከዙሪክ የመጣ ንድፍ ግን እንዳለ አይሠራልንም። ከጅቡቲ ታሽጎ የመጣ የቺፕስ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ የሚገኘው በውስጡ የባሕር ጠለል አየር ስለያዘ ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል 101 ነው። የጡንቻው ጉልበት የሚወሰነው በውስጥና በውጭ ግፊት ልዩነት በመሆኑ ጉልበቱ አይቀንስም። የሚለወጠው ጊዜው ነው፤ ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል 100 ምት የሚበቃው ከረጢት እዚህ 130 ያህል ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው የባሕር ጠለል ቁጥር ከሆነ የምናቡ ጥላ ከእውነተኛው ቀድሞ ይታጠፋል፤ ነዋሪውም የተስማማበት ጥላ ሌላ፣ የሚገጠምለት ሌላ ይሆናል።

ሕንፃውን በሙሉ በዚህ ማልበስ ይገባል አንልም፤ ሲሊኮን በፀሐይ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ በእኛው ሰማይ ሥር መፈተን አለበት። ለጅማሬ አንድ ምዕራባዊ መስኮት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ አየሩ ስለሚተነፍስ፣ ጥላው ሳይነፋ የሚያርፍበት ቦታ የተዘጋ ይሁን ወይስ የተከፈተ የሚለው አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። እኛ የተከፈተውን እንመርጣለን፤ መብራት በጠፋበት ቤት ብርሃን መግባት አለበትና፤ ለሙቀቱ አሮጌው መጋረጃ አለ።