ስለ ማር መሪ ወፍ

በአሶሳና በአካባቢዋ ባለው የቆላ ዱር ሰውን ጠርቶ ወደ ማር የሚመራ ትንሽ ወፍ ይኖራል። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ላባው ዳለቻ፥ የጅራቱም ዳርና ዳር ነጭ ነው፤ ወንዱ በጥቁር ጉሮሮውና በነጭ ጕንጩ ይለያል።

ጩኸቱን የሰማ ሰው ከዘማሪ ወፎች ወገን ሊቈጥረው ይችላል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ በኖረበት ዘመን ያወቀውን ሲጽፍ ይህን ወፍ አንሥቷል። የስዊድኑ ሊቅ ስፓርማን በ1777 ስም ሲያወጣለት ኩኩ ከሚባለው ወፍ ጋር መደበው። በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን አካሉን መርምረው የግንደ ቆርቁር ዘመድ መሆኑን አስረዱ፤ ከአራቱ ጣቶቹም ሁለቱ ወደ ፊት፥ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው።

ወፉ የንብ ቤት ባገኘ ጊዜ ሰው ፈልጎ ይንጫጫል፤ ሰው ሲከተለው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረ ይመራዋል፤ ከቦታው ሲደርስ ዝም ይላል። ሰው በጢስና በመጥረቢያ ከፍቶ ማሩን ሲወስድ፥ ወፉ ሰሙንና የንቡን እጭ ይበላል። ሰም የሚፈጭ ሆድ ያለው ወፍ እጅግ ጥቂት ነው። በሞዛምቢክ ተመርምሮ በ2016 በታተመው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፥ ማር ቈራጮች ከአባቶቻቸው በተማሩት ልዩ ድምፅ ሲጠሩት የመምራቱ ዕድል ከመቶ 33 ወደ 66 ከፍ ብሏል።

ለሰው እንዲህ ወዳጅ ይሁን እንጂ፥ ለሌሎች ወፎች ክፉ እንግዳ ነው፤ በጕድጓድ በሚኖሩ ወፎች ጎጆ ዕንቍላሉን ይጥላል፤ ጫጩቱም ገና ዓይኑ ሳይገለጥ በመንቈሩ መንጠቆ የባለ ቤቱን ጫጩቶች ይገድላል።

ለአስተዳዳሪዎችና መሬት ለሚያከፋፍሉ ሹማምንት የሚያስፈልገው ነገር ማደሪያው ነው። የአሶሳ ሽመል ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ለዱር ንብ ቤት አይሆንም፤ ንቡ የሚገባው ባረጀ አባሎና ወይባ፥ ወይም በገደል ስንጥቅ ነው። ሽመሉ ተጠብቆ ያረጀው ዛፍ ለከሰልና ለእርሻ ከተቈረጠ፥ ንቡም ማር መሪውም አገሩን ለቅቀው ይሄዳሉ፤ ዱሩ ግን ለሩቅ ተመልካች ገና አረንጓዴ ይመስላል። ስለዚህ አዲስ እርሻ ሲመራ፥ ሆዱ ክፍት የሆነው ዛፍ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይለይ። ማር ቈራጩም በበጋ ችቦውን በአፈር ሳያዳፍን እንዳይሄድ የቀበሌው ሹም ይቈጣጠር፤ በደረቅ ሣር ላይ የወደቀ ፍም ንቡን ከነዛፉ ያቃጥላልና።