ነጋድራስ የሌለው ገበያ

በጎጃም በረንዳ ቅቤ የሚሸምት ሰው የነጋዴውን መሐላ ሰምቶ አይከፍልም፤ በጥፍሩ ቆንጥሮ በመዳፉ አሽቶ፣ ካሸተተም በኋላ፣ ባዕድ ነገር እንዳልተቀላቀለበት ሲያምን ብቻ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቢጣሉም ጎረቤት መስክሮ ነገሩ ሳይመሽ ያልቃል። ዛሬ ግን ያው ሸማች ቅቤውን ከነሱቁ ምልክት በስልኩ ቀርጾ በቲክቶክ ሲለቀው፣ ክሱ ከተከሳሹ መልስ ቀድሞ አገር ያዳርሳል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀረጥ ከመሰብሰባቸው ሌላ የነጋዴውን ክርክር ይዳኙ ነበር። አዲሱ አደባባይ ግን ያለ ዳኛ ተከፈተ፤ ብርታቱንም በ2006 ዓ.ም. አሳየ። ሃይነከን ከመንግሥት የገዛው በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ሊደግፍ በተዋዋለ ጊዜ፣ ድምፃዊው የምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሎታል የሚል ወሬ፣ እርሱ አላልኩም እያለ፣ በፌስቡክ ተዛመተ፤ በአገር ውስጥና በባሕር ማዶ ያሉ ብዙ የኦሮሞ ወጣቶችም በደሌን አንጠጣም ብለው ተነሡ፤ ኩባንያውም ድጋፉን አነሣ። ሸማች ባለመግዛት ብቻ ባለጸጋን ማስገደዱ በእኔ ግምት የሚከበር መብት ነው፤ ቃሉ ተነግሯል ወይስ አልተነገረም የሚለውን ግን ማንም ምስክር አስቀርቦ አልመረመረም።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል፤ ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል። ስሙ በሐሰት የጠፋበት ባለሱቅ ግን የገጹ ባለቤት በብዕር ስም ተሸሽጎ ሲያገኘው፣ ጎረቤቶቹን «ሪፖርት አድርጉልኝ» እያለ ከመለመን በቀር ምን ያደርጋል?

ከቅቤ እጅግ የከበደው ነገር በባሕር ዳር ሆነ። የዩኒቨርሲቲው መምህር ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ለጥላቻ ከተሰጠ በኋላ፣ ልጃቸው ለኩባንያው እያመለከተ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። የአማርኛውን ጽሑፍ የሚመረምሩት በውል የተቀጠሩ ሠራተኞች የሚሠሩት በናይሮቢ ነበርና፣ ልጁም ከሌሎች ጋር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በዚያው ከሰሰ። ኩባንያው በአሜሪካ የተቋቋምሁ ስለሆንሁ የኬንያ ፍርድ ቤት አይዳኘኝም ብሎ ተቃወመ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።