የመጦሪያ ዋጋ፤ ለጧሪ ስለ ተሰጠ መሬትና ስለ ማስመለሱ

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ሰው ባረጀ ጊዜ ሁለት ነገር ይመኛል፤ ይኸውም በሕይወቱ ሳለ የሚጦረው፣ ባረፈም ጊዜ የሚቀብረው ወገን ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ መመረቁም ስለዚህ ነው። ነገር ግን መጦር ዋጋ አለው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ዋጋ በአገራችን በምን እንደሚከፈል፣ ጧሪውም ቃሉን ያጠፈ እንደ ሆነ የተከፈለው ዋጋ በሕግ እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ነገሩ በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በመጦሪያ ቤት የሚቀመጡ ብዙ አረጋውያን ወጪውን ከራሳቸው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ለዚህም ሲሉ ቤታቸውን እስከ መሸጥ የሚደርሱ አሉ። በ1991 ዓ.ም. የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዋናው ችግራቸው ሕመም የሆነ ሰዎች ወጪ በመንግሥት የጤና አገልግሎት መሸፈን እንደሚገባው ፈረደ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና አገልግሎቱ እንባ ጠባቂ ያለ አግባብ እንዲከፍሉ የተደረጉ ሰዎች መኖራቸውን በሪፖርቱ ገለጠ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ቤተ ሰቦች የከፈሉትን ገንዘብ ጠይቀው አስመለሱ።

በእኛ አገር እንደ መቄዶንያ ያሉት ማእከሎች አረጋውያንን የሚጦሩት ያለ ክፍያ፣ በበጎ አድራጎት ነው። ገጠሩን የተመለከትን እንደ ሆነ ግን የመጦሪያው ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን መሬት ሆኖ እናገኘዋለን።

ለምሳሌ ያህል በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ዙሪያ፣ በቦረና ደጋ የምትኖር አንዲት አሮጊት እናስብ። ባሏ ሞቷል። አንዱ ልጇ በደሴ፣ ሌላው በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሴት ልጇም ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች። አሮጊቷ በሬ ጠምዳ ለማረስ አትችልም። እርሻውን ለእኩል ብትሰጠው የሚደርሳት እህል ለዓመት አይበቃትም። ስለዚህ አንዱን የዘመድ ልጅ ጠርታ፣ «መሬቱ ያንተ ይሁን፤ እኔን ጡረኝ» ትለዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ በጊዜው ይገባል። በሁለተኛው ዓመት በጤፉ ፈንታ ገብስ ይመጣል። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ አሮጊቷ የጎረቤት እጅ ማየት ትጀምራለች። የይዞታ ደብተሩ ግን በወጣቱ ስም ተዛውሯል።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ፣ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ በኋላም በተተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ባለይዞታው መብቱን በግብርና ለሚተዳደር ወይም ለመተዳደር ለሚፈልግ ልጁ፣ የልጅ ልጁ ወይም ጧሪው በስጦታ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ስጦታውም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። እንግዲህ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚመለከተው ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

በጽሑፉ ላይ ተቀባዩ ሰጪውን የመጦር ግዴታ እንዳለበት ተገልጦ እንደ ሆነ፣ የአሮጊቷ መንገድ የቀና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1771፣ አንደኛው ወገን ግዴታውን ያልፈጸመ እንደ ሆነ ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን በቁጥር 1772 እንደ ተደነገገው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት፣ ያልተፈጸመው ነገር ተዘርዝሮ በጽሑፍ ለጧሪው ይሰጠው፤ ግልባጩም ይቀመጥ። የአገር ሽማግሌዎችና የቅሬው ዳኛ በተገኙበት ቢሆን፣ ለዕርቅም ሆነ በኋላ ለምስክርነት ይጠቅማል።

በጽሑፉ ላይ «በፈቃዴ ሰጥቻለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የሌለበት እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ በአፍ የተነገረውን ተስፋ ማስረዳት ቀላል አይደለምና። የሆነ ሆኖ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የተገኘው በተንኰል ወይም በማስገደድ ከሆነ፣ ውሉ እንዲፈርስ መክሰስ ይቻላል። ለዚህ ክስ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ምክንያቱ ከቀረ በኋላ 2 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ «ዛሬ ነገ» እያሉ መቆየት መብትን ያሳጣል።

«አንዲት ድኻ አሮጊት የዳኝነት ገንዘብ ከየት ታመጣለች?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ፣ መክፈል የማይችል ሰው ድኽነቱን አስረድቶ በድኻ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ያደርጋል። ማመልከቻ የሚጽፍና የሚከራከር ላጣ ሰውም በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሟቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከሎች አሉ፤ የወረዳውንም የፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ የገጠር ነገር ነው ብሎ የከተማው ሠራተኛ ሊያልፈው አይገባም። እናት መሬቷን ለጧሪ ሰጥታለች ተብሎ የልጅ ግዴታ አይቀርም። በክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 እንደ ተደነገገው፣ ወላጅ ሲቸገርና ሠርቶ ለማደር ሲያቅተው ልጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ አይደለም፤ ልብስ፣ መኖሪያና ሕክምናም ይጨመርበታል። ቀለቡ በደረሰበት ቀን ያልተከፈለ እንደ ሆነ በ3 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ካልሆነ፣ ለኑሮው የግድ አስፈላጊ እንደ ነበረ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ያለፈው ይቀራል።

ስለዚህ ለበዓል ወይም ለዓረፋ ወደ አገራችሁ በሄዳችሁ ጊዜ፣ ወላጆቻችሁ የተፈራረሙት ጽሑፍ ካለ አስወጥታችሁ አንብቡት። ገና ያልተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ «ይጡረኝ» በሚል አንድ ቃል ብቻ እንዳይታለፍ አድርጉ። በዓመት ስንት ኩንታል ምን ዓይነት እህል እንደሚገባ፣ ልብሱ መቼ እንደሚለወጥ፣ ማገዶውን ማን እንደሚያቀርብ፣ ሲታመሙ ማን ወደ ሐኪም ቤት እንደሚያደርስ፣ ቀብሩንም ማን እንደሚያስፈጽም ይጻፍ። ይህ ካልተፈጸመ መሬቱ ለሰጪው እንደሚመለስም በግልጥ ይነገር። መልካም ጧሪ ይህን በመጻፉ አይቀየምም፤ የሠራውን የሚያስመሰክርለት ይኸው ጽሑፍ ነውና።